የአያቴ ብሮች ለምን ቀለማቸው ተለያየ?

ሰላም ለዚህ ቤት ቤተሰቦች። አያቴ ያረፉት ባለፈው ዓመት ነው። ለእኔ የደረሰኝ በነጠላ ቁራጭ የተቋጠረ ገንዘብ ነበር። ስፈታው ሰባት ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት የድሮ የብር ገንዘብ)፣ አንድ የምኒልክ ብር፣ አራት የጃንሆይ ሽልንግ፣ እፍኝ የማይሞላ የመዳብ ሳንቲምና አምስት የደርግ ዘመን አሥር ሳንቲም ወጣ። ሁሉም በአንድ ቋጠሮ ነው የተገኙት፤ ቀለማቸው ግን አንዱ ካንዱ አይገጥምም።

አንዱ ማርትሬዛ እንደ ምጣድ ጀርባ ጥቁር ነው። ወደ መስኮቱ አዘንበል አድርጌ ሳየው በጠርዙ ዙሪያ ናፍጣ የፈሰሰበት ኩሬ ላይ እንደሚታየው ዓይነት ሰማያዊና ሐምራዊ ይመላለስበታል። ሌላው የአንገት ማንጠልጠያ ቀለበት የተበየደለት ነው፤ በፊደሎቹ መካከል አረንጓዴ ነገር ሞልቶበታል፣ በጥፍሬ ስነካው እንደ ሰም ይላጣል። የምኒልኩ ብር በአንበሳው ጎን በኩል ግራጫ ሆኖ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ጠጣር ልጣጭ ይዟል። ከሽልንጎቹ አንዱ ነጭ ሆኖ የጃንሆይ ጉንጭና የአንበሳው ትከሻ ብቻ ቀልቷል። ከመዳቦቹ በአንዱ ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ዱቄት አለ፤ በጨርቅ ጠረግሁት፣ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። አሥር ሳንቲሞቹ ደግሞ ሮዝ ነጠብጣብ አላቸው።

አንድ ጥፋትም ሠርቻለሁ። አንዱን ማርትሬዛ በሎሚና በጨው አሸሁት። ጥቁሩ ለቀቀ፤ የቀረው ግን ኖራ የተቀባ ግድግዳ የመሰለ ሕይወት የሌለው ነጭ ነው። ሌሎቹን ከመንካቴ በፊት ልጠይቃችሁ፦ እያንዳንዱ ቀለም ከምን መጣ?

(ከዚህ በታች ያለው እስከ ዛሬ የደረሱኝ ምላሾች ናቸው። አንዳንዶቹ በኋላ ስለተሰረዙ፣ ለሌላ አንባቢ እንዲጠቅም በተራ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬያቸዋለሁ።)

ምላሽ 1፦ የመጀመሪያው ሰው አያቴን ነፍስ ይማር ብሎ ጀመረና ሎሚውን አሁኑኑ እንዳቆም ለመነኝ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀኝ፤ እያንዳንዱ ስንት ግራም እንደሚመዝን፣ ማግኔት ይስበው እንደሆነ፣ ወደ ቋጠሮው ከመግባቱ በፊት የት እንደኖረ። ከሦስቱ የመጨረሻውን አጥብቆ ያዘ። ገንዘብ ቀለም የሚወስደው ከጎረቤቱ ነው፤ ከጨርቁ፣ ከጭሱ፣ ከአፈሩ፣ ከሰው ገላ፤ ስለዚህ ብሩን ከመጠየቅ በፊት ቤቱን ጠይቅ አለኝ።

ምላሽ 2፦ ይህኛው ነገሩን አቀለለው። ዝገት ዝገት ነው፣ በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ ብሩሽ አሽተህ ጨርስ የሚል ነበር።

ምላሽ 3፦ ሁለተኛውን በጨዋ ቃል አረመው። የሚዝገው ብረት ነው፤ ብር ጥቁር የሚሆነው አየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ነው። ያ ድኝ ከኩበትና ከእንጨት ጭስ፣ ከእንቁላል፣ ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት፣ ከሱፍ ጨርቅ፣ ገንዘብ ከሚታሰርበት ላስቲክ ሳይቀር ይመጣል። ሽፋኑ በጣም ስስ ሳለ ብርሃኑ ከላዩና ከሥሩ እየተንጸባረቀ ስለሚገናኝ ቀለም ይሠራል፤ መጀመሪያ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይና ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ሲወፍር ጥቁር። ያየሁት ሰማያዊ ጠርዝ ይኸው ነው፤ መካከሉ ወፍሯል፣ ጠርዙ ገና መንገድ ላይ ነው። ስለ ጥርስ ሳሙናውም አንድ ቃል ጨመረ። ውስጡ ደቃቅ መፈግፈጊያ ስላለ ጥቁሩን ብቻ ሳይሆን ብሩንም ይልጠዋል፤ የንግሥቲቱ የፀጉር መስመር አንዴ ከጠፋ አይመለስም።

ምላሽ 4፦ አንዲት እህት የቤታቸውን ነገር አጫወተችን። እናቷ ሌባ ሲፈሩ ብራቸውን የሚደብቁት በርበሬ እንስራ ውስጥ ነበር፤ በርበሬውን አፍሰው ብሩን ከታች አድርገው መልሰው ይሞሉታል። ከዓመት በኋላ ሲወጣ ሁሉም ከሰል ሆኖ ነበር። እሷ ለብዙ ዓመት ቃሪያው አቃጠለው ብላ ታምን ነበር፤ አሁን ምላሽ 3ን ስታነብ የነጭ ሽንኩርቱ ድኝ መሆኑ ገባት። በርበሬ ሲዘጋጅ ስንት ነጭ ሽንኩርትና ጨው እንደሚገባበት የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ምላሽ 5፦ ይህ የእኔ ነው። በወርቅ ሚዛን አስመዘንኳቸው፤ ማርትሬዛዎቹ ሁሉም ከ28 ግራም ትንሽ ወዲህና ወዲያ ናቸው፣ ማግኔት የሚስበው አንድም የለም። ብቸና ላሉት አክስቴ ስለ አቀማመጡ ብደውልላቸው ሳያዩ እንደማይናገሩ፣ ለበዓል ሲመጡ በዓይናቸው አይተው እንደሚነግሩኝ ገለጹልኝ። ጠበቅሁ።

ምላሽ 6፦ ፒያሳ ብር በመሥራት የኖሩ አባት ናቸው። ከሁሉ ረጅሙና እኔን ከሁሉ ያስተማረኝ ምላሽ የእሳቸው ነው። ቀለበት የተበየደለትን ማርትሬዛ ፎቶ አጉልተው አይተውታል። በመጀመሪያ ዓይኔ አልፎት የሄደ ነገር አሳዩኝ፤ ከቀለበቱ ሥር እንደ ደመና የተዘረጋ ግራጫ ጥላ አለ። ያ ከድኝ አይደለም፣ ከእሳት ነው። ማርትሬዛ ጥሩ ብር ብቻ ስላልሆነ፣ አንጥረኛው ቀለበቱን ሲበይድ ውስጡ ያለው መዳብ ከአየር ጋር ተቃጥሎ ይጠቁራል፤ ጠንቃቃ አንጥረኛ ከብየዳ በኋላ በአሲድ ያፈላዋል፣ ቸኩሎ የሚሠራ ይተወዋል።

አረንጓዴውን ሰም ደግሞ በአንድ ቃል ገለጹት፦ ቅቤ። የአገሬ ሴት ራሷን ለጋ ቅቤ ትቀባለች፤ ቅቤው በፀሐይ እየቀለጠ በአንገቷ ይወርድና ከድሪውና ከማርትሬዛው ጋር ይገናኛል። ከላብ ጋር በፊደሎቹ መካከል ይቀመጣል፣ ይቆያል፣ መዳቡን ይስባል። እሳቸው እንዲህ ያለ ብር እጃቸው ሲገባ ምን ያህል ዘመን እንደተለበሰ የሚገምቱት በአረንጓዴው ውፍረትና በቀለበቱ መሳሳት ነው። የእኔን ፎቶ አይተው አያቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሳይለብሱት እንዳልቀሩ ጻፉ። ይህን ሳነብ ስልኩን አስቀምጬ ብሩን አነሳሁት፤ ቀለበቱ ከላይ በኩል እንደ ክር ቀጥኗል።

ምላሽ 7፦ ከእስራኤል የጻፈች እህት የብር ሠሪውን ቃል አጸናች። አያቷ ጎንደር አካባቢ አንጥረኛ ነበሩ፤ ገበሬው ለልጁ ጌጥ ሲፈልግ ማርትሬዛ ይዞ ይመጣል፣ እሳቸው አቅልጠው መስቀል ወይም ድሪ ያደርጉታል። አረንጓዴ የያዘ ብር ሲመጣ መጀመሪያ በአመድ ውሃ ቅባቱን ያስለቅቁት እንደነበር ታስታውሳለች፤ ቅባቱ ካልወጣ ብየዳው አይዝም። ለማቅለጥ እንጂ ለማስቀመጥ ግን ይህን እንዳልሞክር አስጠነቀቀችኝ።

ምላሽ 8፦ የኬሚስትሪ መምህር ነው። ማርትሬዛ ከሺህ 833 እጅ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው፤ ከ28 ግራሙ 23.4 ግራም ገደማ ጥሩ ብር፣ ከ4.6 ግራም በላይ መዳብ ማለት ነው። ቅቤ ሲቆይና ሲመር አሲድ ይወጣዋል፤ ያ አሲድ ብሩን ትቶ መዳቡን ይይዝና አረንጓዴ ሳሙና ይሠራል። የቆዳ ከረጢት ውስጥ የኖረ ገንዘብም በቆዳው ቅባት የተነሳ ተመሳሳይ ሰም እንደሚያወጣ ጨመረ። ማውጣት ከፈለግሁ በንጹሕ አሴቶን (ቅባት በሚያሟሟ ፈሳሽ) አለስልሼ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብዬ እንዳነሳው፣ ብረት የሆነ ነገር እንዳላስጠጋ መከረኝ። ቀጥሎ ስለ አሥር ሳንቲሞቹ ጠየቀኝ፦ ከሎሚው ጋር ተገናኝተው ነበር ወይ?

ምላሽ 9፦ እኔ ነኝ። አዎ። ማርትሬዛውን ባሸሁበት ሳህን፣ በዚያው ሎሚ ውስጥ አሳድሬያቸው ነበር። በጥያቄዬ ላይ አለመጻፌ ስህተት ነው፤ ይቅርታ ጠየቅሁ።

ምላሽ 10፦ መምህሩ ተመልሶ መጣ። የ1969 ዓ.ም. አምስትና አሥር ሳንቲሞች የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ናቸው፤ አሲዱ ዚንኩን ቀድሞ ሲወስድ ላዩ ላይ የሚቀረው መዳብ ብቻ ስለሆነ ሮዝ ይመስላል። ሃያ አምስቱና ሃምሳው መዳብና ኒኬል ስለሆኑ እንዲህ አይሆኑም። ቆሻሻ መስሎኝ የነበረው ሮዝ ነጠብጣብ የእኔ እጅ ሥራ ሆኖ ተገኘ።

ምላሽ 11፦ ባንክ ቤት ገንዘብ ያዥ ሆነው ጡረታ የወጡ አባት ስለቀላው ሽልንግ ጻፉ። ይህን ሳነብ ልቤ ዘለለ። የ1936 ዓ.ም. ገንዘብ ሲወጣ ሃምሳ ሳንቲሙ ብር ነበር፤ መጀመሪያ ከሺህ 800፣ በኋላ 700 እጅ። ስሙኒው መዳብ ሆኖ ክብ ነበር፤ መጠኑ ለሽልንጉ በጣም የቀረበ፣ ሁለቱም ላይ ጃንሆይና አንበሳ። ብልጣ ብልጦች ስሙኒውን ብር እያለበሱ በሽልንግ ያሳልፉት ጀመር። መንግሥት ክቡን ስሙኒ ሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል ሞገድ የሠራውን ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጉንጩ የቀላው ሽልንግ ሳይሆን የለበሰ ስሙኒ ሊሆን እንደሚችል፣ የዋጋውን ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር እንዳነብ ነገሩኝ።

ምላሽ 12፦ አንዱ ተነሥቶ ሽማግሌውን ተቃወመ፤ ያውም በማይገባ ቃል፣ ተረት ይነግሩናል እስከማለት ደርሶ። 700 እጅ ብር ውስጥ 300 እጅ መዳብ ስላለ እውነተኛው ሽልንግም ሊቀላ ይችላል የሚል ነው ክርክሩ። ነጥቡ ራሱ ባዶ አልነበረም፤ አነጋገሩ ግን አሳፈረን።

ምላሽ 13፦ ሽማግሌው ቁጣ ሳይጨምሩ መለሱ። ቅይጥ ብር ሲያረጅ ቅላቱ ወጥ ሆኖ በየቦታው ይሠራጫል፤ የለበሰ ገንዘብ ግን የሚቀላው እጅ የሚዳስሰው ከፍ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ጉንጭ፣ ትከሻ፣ ጠርዝ። ጉድጓዱ ነጭ፣ ጉብታው ቀይ ከሆነ ልብስ ነው ማለት ነው። ሚዛንም አለ፤ የብሩ ሽልንግ 7 ግራም ከትንሽ ነው። እኔም በአጉሊ መነጽር ዋጋውን አነበብኩ፤ ሃያ አምስት ሳንቲም ነው። አያቴ ያን ገንዘብ በሃምሳ ተቀብለውት ይሆን? ማንበብ አይችሉም ነበር። ይህ ሲታሰበኝ ውሎ አደረ።

ምላሽ 14፦ ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ወንድም የራሱን ጉዳት ተናገረ። ከአባቱ የወረሰውን ብር በሚያምር የፕላስቲክ ኪስ አልበም አስገብቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት አኖረው፤ ሲያወጣው ሁሉም በአረንጓዴና በሚያጣብቅ እርጥበት ተሸፍኗል። ለስላሳው ፕላስቲክ ፒቪሲ ነበር፤ ሲያረጅ አሲድ ያወጣል። ከቅቤው አረንጓዴ እንዴት እንደሚለይም ነገረን፤ የቅቤው በፊደሎቹ ጉድጓድ ይከማቻል፣ የፕላስቲኩ ግን መጀመሪያ እንደ ጉም ሆኖ በገጹ ሁሉ ይዘረጋል። እሱም በመስታወት ዕቃ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ከእሳት ርቆ በንጹሕ አሴቶን አጥቦ አስለቀቀው።

ምላሽ 15፦ የምላሽ 12 ባለቤት እንደገና መጣና አሴቶን ማለት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ስለሆነ ሞክሮ ብሩን እንዳበላሸ ጻፈ። መምህሩ በዚህ ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ሽቶ፣ ቅባትና ቀለም የተጨመረበት ነው፤ ንጹሕ የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ የተጻፈው ለዚህ ነው፣ ሳያነቡ መከራከር ሌላውንም ያሳስታል አለው። ከዚህ በኋላ አምስት ስድስት አጫጭር ስድቦች ተለዋወጡ፤ እነሱን አልደግማቸውም።

ምላሽ 16፦ አንዲት ቅርስ ጥገና የተማረች እህት በመካከል ገብታ ሁሉም የረሳውን የመዳቡን ዱቄት አነሣች። ጠንካራና ለስላሳ ሆኖ የተጣበቀ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሽፋን መዳቡን ይጠብቀዋል፤ አይነካም። ፈዛዛ ሆኖ እንደ ዱቄት የሚረግፍና ተጠርጎ የሚመለሰው ግን በሽታ ነው። ከጨው የመጣ ክሎራይድ ውስጥ ገብቶ እርጥበት ባገኘ ቁጥር መዳቡን ይበላል። የላብ ጨው ይበቃዋል፤ የሎሚና ጨው እጥበት ደግሞ በሽታውን እንደ መዝራት ነው። ያን ሳንቲም ከሌሎቹ ለይቼ፣ በተጣራ ውሃ ውሃውን እየለዋወጥሁ ሳምንታት ዘፍዝፌ፣ በደንብ አድርቄ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር በሚከደን ዕቃ እንዳስቀምጠው መከረችኝ። በሎሚ ያሸሁትንም ማርትሬዛ እንዲሁ በተጣራ ውሃ አጥቤ ጨውን እንዳስወጣ ነገረችኝ።

ምላሽ 17፦ ወሬው ወደ ገበያ ዞረ። አንዱ ጥቁር ይበልጥ ያወጣል ወይስ ነጭ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው የምኒልክ ብር በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ተመትቶ ሲመጣ ሕዝቡ ማርትሬዛን አስበልጦ እንደነበር፣ ገበሬውም በንግሥቲቱ የደረት ጌጥ ላይ ያሉትን እንክብሎች ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው ብሎ አወጋ። 1780 የሚለው ዓመትም የተመታበትን ጊዜ እንደማይነግር አስታወሰን። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ስለሞቱ ቀኑ ቆሞ ቀረ እንጂ፣ ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስና በቦምቤይ ሳይቀር በሃያኛው መቶ ዓመት ተመትቷል። ከርዕስ የወጣ ቢሆንም ደስ እያለኝ አነበብሁት።

ምላሽ 18፦ አዲስ ሰው ነው። ከአክሱም አካባቢ ያገኛት የጥፍር ያህል አረንጓዴ ሳንቲም በንጉሡ ራስ ዙሪያ ቢጫ እድፍ ይዛ ስለነበር፣ ምላሽ 2ን ተከትሎ በጥርስ ሳሙና እያሸ እንደሆነ፣ ቢጫውም መልቀቅ እንደጀመረ ጻፈ።

ምላሽ 19፦ የቅርስ ጥገናዋ እህት በደቂቃ ውስጥ መለሰች፤ እዚህ ውይይት ላይ ከተጻፈው ሁሉ የከረረው ይህ ነው፣ እኔም አልፈርድባትም። ያ ቢጫ ወርቅ ነው። የአክሱም ገንዘብ አንጣሪዎች በመዳብና በብር ገንዘብ ላይ የንጉሡን ራስ ወይም መስቀሉን በወርቅ ልባጥ ያስጌጡ ነበር፤ በጥንቱ ዓለም ይህን ያህል የሠራበት ሌላ የለም። ከሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት የተለበጠውን በአንድ ከሰዓት አራገፍከው አለችው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 እንዲህ ያለውን የሚያገኝ ሰው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ እንደሚያስገድድም ጻፈችለት። ሰውየው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ዝም አለ፣ ማታ ላይ ሳንቲሟን ወደ ሙዚየም እንደሚወስዳት አሳወቀን። የምላሽ 2 ባለቤትም ምክሩን ራሱ ሰረዘ።

ምላሽ 20፦ የኔ ነው፤ አክስቴ መጡ። ቋጠሮውን ፈትቼ ብሮቹን በመሶብ ክዳን ላይ አሰለፍኳቸው። ምንም ሳልላቸው ጥቁሩን አነሡና የበርበሬው ብለው አስቀመጡት። ግራጫ ልጣጭ ያለውን የምኒልክ ብር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና በጣሊያን ጊዜ ወፍጮው ሥር የተቀበረው መሆኑን፣ አባታቸው አርበኞች ዘንድ ሲሄዱ በድስት አድርገው እንደቀበሩት፣ ጠላት ከወጣ በኋላ እንደተቆፈረ ነገሩኝ። (መምህሩ በኋላ እንዳብራራልኝ ልጣጩ ራሱ ብሩ ነው፤ ከአፈሩ ጨው ጋር ተዋሕዶ የተለወጠ፤ ቢፋቅ መልኩ አብሮ ይነሣል።) ቀለበት ያለውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉትና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

በሎሚ ያሸሁት ጋ ሲደርሱ ገለባብጠው አዩት። መስኮቱ ጋ ወስደው አዩት። ይሄኛው የየትኛው ነበር ብለው ጠየቁኝና፣ መልስ ሳይጠብቁ መልሰው ከክዳኑ ላይ አስቀመጡት።